ባዶውን መስመር ይዘሽ ሂጂ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አኖሬክሲያ የሚባለው፣ መወፈርን በመፍራት ከምግብ የመሸሽ ሕመም እንዳለብኝ ታውቆ ለጥቂት ሳምንታት ሆስፒታል ተኝቼ ታክሜአለሁ። አሁን ከሐኪሜና ከሥነ ልቦና ባለሙያዬ በተጨማሪ በየሳምንቱ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ። በቀን ሦስት ምግብና ሦስት መክሰስ የያዘ ዕቅድ አውጥተን፣ የበላሁትን በየዕለቱ በመዝገብ እየጻፍኩ አሳያቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደኅና ነበሩ። ላለፉት አምስት ሳምንታት ግን የከሰዓት በኋላውን መክሰስ ሳልበላ እንደበላሁ አድርጌ እጽፋለሁ። ባለፈው ቀጠሮ መዝገቤን አይተው «በርቺ፣ በጣም ጥሩ ነው» ሲሉኝ አመስግኜ ወጣሁና እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ትንሽ ስበላ ሆዴ ይነፋል፣ ወዲያው እጠግባለሁ፤ ስለዚህ ዕቅዱ በዝቶብኛል ብዬ አስባለሁ። ስለ ምግብ ብዙ አንብቤአለሁ፤ በየትኛው ምግብ ውስጥ ምን እንዳለ ከብዙ ሰው የበለጠ ስለማውቅ ሌላ ሰው ለምን እንደሚያስፈልገኝ አንዳንዴ አይገባኝም። እናቴ ደግሞ በየማዕዱ ሳህኔን እያየች የምውጠውን ትቆጥራለች። ባለሙያዋን ልተዋቸው? ልቀይራቸው? ወይስ ምን ልበላቸው?»

ውድ እህቴ፣

ከጥያቄዎችሽ የመጨረሻውን አስቀድሜ ልመልስ። ባለሙያዋን አትተዪያቸው፤ በዚህ ምክንያት መቀየርም አያስፈልግሽም፤ የምትነግሪያቸው ደግሞ ለእኔ የጻፍሽውን ያንኑ ነው። እኔም አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን በዚሁ ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና ደብዳቤሽን ያነበብኩት ከጠረጴዛው ማዶ እንደሚቀመጥ ሰው ሆኜ ነው። አንብቤ ስጨርስ እፎይ አልኩ፤ ምክንያቱም ስትመሰገን የምታለቅስ ሴት የመዳን ፍላጎቷ ገና አብሯት እንዳለ ከልምድ አውቃለሁ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ረትቶሽ ቢሆን ኖሮ ያ «በርቺ» የሚለው ቃል ደስ ያሰኝሽ ነበር እንጂ አያስለቅስሽም ነበር።

ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። «ላለፉት አምስት ሳምንታት የከሰዓት በኋላውን መክሰስ አልበላሁም፤ መዝገቡ ላይ ግን እንደበላሁ ጽፌአለሁ፤ ለመናገር ፈርቼ ነው» ብትዪ ይበቃል። ይህንንም ገብተሽ እንደተቀመጥሽ፣ ሌላ ወሬ ሳይጀመር ተናገሪው፤ ብዙ ታካሚ ከባዱን ነገር የሚያወጣው ቀጠሮው አልቆ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ስለሆነ ለመወያየት ጊዜ አይተርፍም። አፍሽ እምቢ ካለሽ ለእኔ የላክሽውን ደብዳቤ ገልብጠሽ ስጪያቸው፤ ወይም ከቀጠሮው በፊት መልእክት ላኪላቸውና እሳቸው ወሬውን እንዲጀምሩልሽ ጠይቂ። ለሥነ ልቦና ባለሙያሽ አስቀድሞ መንገርም ይቻላል። ሐኪሙም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋም የሚያክሙት አንዲቱን አንቺን ነውና፣ አንዱ ያወቀውን ሌላው እንዲያውቅ ፈቃድሽን ብትሰጪ አንቺኑ ይጠቅምሻል።

እውነት ያልሆነ መዝገብ ምን እንደሚያስከትል ግን በደንብ ላስረዳሽ እፈልጋለሁ፤ ይህን ብዙ ታካሚዎች ካልተነገራቸው አያስተውሉትም። የሥነ ምግብ ባለሙያ ዕቅድ የሚያወጣው በትምህርቱ ላይ በተመሠረተ ግምት ነው። የአንድ ሰው ሰውነት ለማገገም ምን ያህል ምግብ እንደሚፈልግ አስቀድሞ በትክክል የሚናገር ቀመር የለም፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአግባቡ መመገብ ሲጀምር የሚያቃጥለው ጉልበት ብዙ ጊዜ ስለሚጨምር፣ ከታሰበለት በላይ መብላት የሚያስፈልገው ታካሚ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ባለሙያዋ በየሳምንቱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያያሉ፤ በመዝገቡ የተጻፈውንና ሰውነትሽ የሰጠውን ምላሽ። መዝገቡ መክሰሱ ተበልቷል እያለ ሰውነትሽ ግን መሻሻሉን ካቆመ፣ እሳቸው ሊደርሱበት የሚችሉት መደምደሚያ ዕቅዱ አንሷል የሚል ነው፤ ስለዚህ ይጨምሩበታል። አንዱን መክሰስ መብላት ያቃታት ሰው ሌላ ሲጨመርባት ይበልጥ ትፈራለች፤ ይበልጥ ስትፈራ ይበልጥ ትደብቃለች፤ እንዲህ እያለ ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴትና ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት በየሳምንቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። «በዝቶብኛል» ያልሽው ስሜት እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ዕቅዱ ለአንቺ እንዲመች ለማስተካከል ባለሙያዋ የሚያስፈልጋቸው መረጃ፣ አንቺ ከመዝገቡ ያስቀረሽው ያ መረጃ ነው።

ጉዳዩ የጤናሽን ደኅንነትም ይነካል። ብዙ ክብደት ያጣና በጣም ጥቂት ሲበላ የቆየ ሰው እንደገና መመገብ ሲጀምር በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናት በድንገት ሊወርዱና የልብ ምቱን ሊያውኩ ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ነው ምግቡ በልክ እየተጨመረ ደሙ የሚመረመረው። አንድ መክሰስ ስለዘለልሽ ይህ ይደርስብሻል እያልኩ አይደለም። ሆኖም የተደበቀው እየበዛ ከሄደ ሐኪምሽም ባለሙያዋም የሚወስኑት እውነት ያልሆነ መረጃ ላይ ተመሥርተው ስለሚሆን፣ ምን ያህል ከዕቅዱ እንደራቅሽ ማወቃቸው ግዴታ ነው። የቀረብሽንም በአንድ ቀን ለማካካስ አትሞክሪ፤ እንዴት እንደምትመለሺ አብራችሁ ወስኑ።

በሥራዬ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ። ቀን በቀን የተጻፈ መዝገብ ያስታውቃል፤ የእስክሪብቶው ቀለም ይለያያል፣ አንዱ መስመር በችኮላ ተሞንጭሯል፣ ጠርዙ ላይ የሻይ ጠብታ አርፎበታል፣ አንዱ ቀን ጭራሽ ተረስቷል። በቀጠሮው ዋዜማ በአንድ ቁጭታ የተሞላው ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ቀለሙ አንድ፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ፣ ሰዓቱም ሁሉ አንዲት ደቂቃ ሳይጎድል ሳይተርፍ። በሙያው ገና ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ይዛ የመጣች ወጣትን አመስግኜ ሸኝቼአታለሁ። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እንዳላሳፍራት ፈርቼ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ከሁለት ወር በኋላ ራሷ ስትነግረኝ «ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ እናገር ነበር» አለችኝ፤ ያ ሁለት ወር በእኔ ዝምታ የባከነ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቦታ ያለበትን መዝገብ ከሞላው አብልጬ አምናለሁ፤ ለሁሉም ታካሚ በመጀመሪያው ቀን፣ ይህ የፈተና ወረቀት አይደለም፣ በዚህ ውስጥ የሚወደቅም የሚታለፍም የለም ብዬ እናገራለሁ። የአንቺም ባለሙያ ጠርጥረው ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም እንደ እኔ እንዳያስቀይሙሽ ፈርተው ይሆናል። ካልጠረጠሩ ደግሞ ያመኑሽ ስለሆነ ነው። በሁለቱም መንገድ ስትነግሪያቸው የሚሰሙሽ ከአንቺ ጎን ቆመው እንደሆነ አምናለሁ።

ስለ ምግብ ከብዙ ሰው የበለጠ እንደምታውቂ አልጠራጠርም። ራሳቸው በዚህ ሕመም የተያዙ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አሉ፤ የተማሩትን ሁሉ እያወቁ ለራሳቸው ሳህን ሌላ ባለሙያ ይፈልጋሉ። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦርነት አንዋጋም ያሉና በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዘው ጥናት ጀመሩ፤ ዓላማቸው በጦርነቱ የተራቡ ሰዎችን መልሶ ለመመገብ የሚረዳ ዕውቀት ማግኘት ነበር። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ሰውነታቸው መክሳቱ የሚጠበቅ ነበር፤ የሚያስደነግጠው አእምሯቸው የሆነው ነው። ከዚያ በፊት ስለ ምግብ ግድ የሌላቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ማንበብና መሰብሰብ ጀመሩ፤ በሳህናቸው ያለችውን ቆራርጠው ረጅም ጊዜ ያቆዩአት ነበር፤ በሞቃት ወራት ይበርዳቸው ነበር፤ ከሰው ራቁ፣ ተነጫነጩ፣ ከምግብ ሌላ ማሰብ ተሳናቸው። ጥናቱ የተጀመረው መክሳት በሚፈልጉ ሰዎች ላይ እንዳልነበረ አስተውዪ። ይህን የማነሳልሽ፣ ስለ ምግብ ያነበብሽው ብዛት ራሱ ከፊሉ የረሃብ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ነው። በማገገሚያው ወራትም ቫይታሚንና ተጨማሪ ፕሮቲን ብቻ መስጠቱ ብዙም አልረዳቸውም፤ ያገገሙት በቂ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ሲያገኙ ነው፤ ያም ቢሆን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ወራት ፈጅቶባቸዋል።

እንግዲህ የምታውቂው ነገር እያለ ባለሙያዋ ምን ይጨምሩልሻል ብትዪ፣ መልሴ ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ መክሰሱ የሚበላበት ሰዓት ሲደርስ በአእምሮሽ ውስጥ ክርክር ይነሳል፤ ምሳ በዝቶ ነበር፣ ዛሬ ብዙ አልተንቀሳቀስኩም፣ ነገ እበላዋለሁ፣ በሌላ ልተካው ይላል። ያ ክርክር ያንቺኑ ዕውቀት እየጠቀሰ ስለሚናገር ከሌላ ከማንም ይልቅ አንቺን ያሳምንሻል። ውሳኔው ግን አስቀድሞ፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ በተረጋጋ ሰዓት ተወስኖ በወረቀት ከሰፈረ በዚያች ሰዓት የሚቀርሽ መፈጸሙ ብቻ ነው። የረሃብና የጥጋብ ስሜትሽ ሲመለስና ሊታመን ሲችል፣ ወረቀቱ ቀስ በቀስ ይቀራል፤ ደኅና ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው።

የሆድሽ ነገር የውሸት ስሜት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሲበላ የኖረ ሰው ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አንጀቱም ይዘገያል። ስለዚህ በትንሹ መጥገብ፣ መነፋትና ድርቀት በዚህ ጊዜ የተለመዱ ናቸው፤ ምግቡ ከሚገባው በላይ መሆኑን ግን አያሳዩም። አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራው ወደ ልማዱ የሚመለሰው ሳያቋርጡ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ በመብላት ሲሆን ይህም ሳምንታት ይወስዳል፤ በተዘለለ ቁጥር ደግሞ ያ መመለስ ይዘገያል። ይህንን ለባለሙያዋ ብትነግሪያቸው ሊያደርጉልሽ የሚችሉት ብዙ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱ የበዛ ምግብ መምረጥ፣ ከፊሉን በሚጠጣ ነገር መተካት፣ ሆድ የሚሞላ ጥሬ አትክልትን ለጊዜው መቀነስ፣ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይችላሉ። መክሰሱ ለምን እንዳልተበላ ካላወቁ ግን ከእነዚህ አንዱንም አያደርጉልሽም። ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የእግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም ሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂያቸው፤ ያን መክሰስ ቢሮአቸው ውስጥ አብረውሽ እንዲበሉ። ብዙዎቻችን ይህን እናደርጋለን። ከአንዲት ታካሚዬ ጋር አንዳንድ ቁራጭ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይዘን የተቀመጥንበት ቀን አይረሳኝም። ከመጀመራችን በፊት ፍርሃቷ ከ10 ስንት እንደሆነ ስጠይቃት 9 አለች። ጠርዙን በጣቷ ቀረደደች፣ ጣቷን ጠረገች፣ ቅቤው የነካው መስሏት እንደገና ጠረገች፤ የመጀመሪያውን ስትነክስ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስለ ሌላ ነገር እያወራን 25 ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ከጨረስን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስጠይቃት 5 አለችና ራሷ ተገረመች። እኔ ስለ ቅቤ ለወራት የነገርኳት ሁሉ ያን ያህል አልረዳትም ነበር፤ ፍርሃቱ ሳትሸሸው በራሱ ሲወርድ ማየት ነበረባት።

ባለሙያ መቀየር የሚገባበት ጊዜ አለ። ሰውነትሽ በመክሳቱ የሚያደንቅሽ፣ ምግብን ጥሩና መጥፎ እያለ የሚከፍልልሽ፣ ያለ ሕክምና ምክንያት አንድን የምግብ ዓይነት ጨርሰሽ እንድትተዪ የሚመክርሽ፣ ከሐኪምሽ ጋር ለመነጋገር የማይፈልግ፣ ወይም እውነቱን ስትነግሪው የሚቆጣና የሚያስፈራራሽ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። በአንዳንድ አገሮች ይህ የሙያ ስም በሕግ የተጠበቀ ሲሆን በሌሎች ግን ማንም ሊጠራበት ስለሚችል፣ ባለሙያው የት እንደተማረና በዚህ ሕመም ላይ ልምድ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም። አንቺ ከጻፍሽልኝ ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም። ያየሁት የሚከብድ ነገር የሚጠይቁሽንና ያመኑሽን ሴት ነው፤ መክበዱ ብቻ ለመቀየር ምክንያት ቢሆን ቀጣዩም ባለሙያ በአራተኛው ወር ይቀየራል። ስትነግሪያቸው የሚሰጡሽን ምላሽ ደግሞ አስተውዪ፤ አብረሻቸው መቀጠል እንዳለብሽ ወይም እንደሌለብሽ ከእኔ ይበልጥ የሚነግርሽ እሱ ነው።

እናትሽ የምትቆጥረው ስለምትፈራ ነው፤ ሆስፒታል ተኝተሽ አይታሻለችና። መቁጠሯ ግን አንቺን ከምግቡ ይልቅ በእሷ ዓይን እንድትጠመጂ ስለሚያደርግሽ አይረዳሽም። እንድትተወው በቃል ከመለመን ይልቅ አንድ ቀጠሮ ላይ ይዘሻት ሂጂ። ዕቅዱን ማን እንደሚከታተል፣ በማዕድ ላይ ስለ ምን እንደሚወራና ስለ ምን እንደማይወራ፣ ሥጋት ሲገባት ማንን እንደምትጠይቅ ባለሙያዋ ባሉበት ተስማሙ፤ ብዙ እናቶች የሚያምኑት ሰው መቆጣጠሩን እንደያዘላቸው ሲያውቁ ዓይናቸው ከሳህኑ ይነሳል። ከማዕዱ ግን አታርቂያት። ከስድስቱ መካከል የተዘለለው የከሰዓት በኋላው ብቻ መሆኑን ሳይ፣ ብቻሽን የምትበዪው እሱ ይሆን ብዬ ገምቻለሁ። ከሆነ ለዚያች ሰዓት የሚሆን ሰው ፈልጊ፤ አጠገብሽ ተቀምጦም ሆነ በስልክ፣ ስለ ምግብ ሳያነሳ እስክትጨርሺ የሚያጫውትሽ አንድ ሰው ይበቃል።

እስከ ቀጠሮው ያሉትን ቀናት መዝገብ በተመለከተ፣ ያለፉትን አምስት ሳምንታት ለማረም አትድከሚ፤ ከላይ ያልኩሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ያርመዋል። ከዛሬ ጀምሮ ግን መክሰሱን ከበላሽ ጻፊው፤ ግማሹን ከበላሽ ግማሽ ብለሽ ጻፊ፤ ካልበላሽ መስመሩን ባዶ ተዪውና በጎኑ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርሽ፣ ከማን ጋር እንደነበርሽና ምን እንደተሰማሽ አስፍሪ። እሱን ይዘሽ ግቢ። ነግረሻቸው ስትወጪ ሰውነትሽ ሊዝልና እራት መብላት ሊያስጠላሽ ይችላል፤ የዚያን ቀን እራት ከእናትሽ ጋር እንድትበዪ ካሁኑ ቀጠሮ ያዢ። ወደ ቤትም በዚህ ጊዜ ብቻሽን አትሂጂ፤ እሷ ወይም የምታምኛት ጓደኛሽ በር ላይ ትጠብቅሽ።